የጋሽ ወንድሙ አራት ዓረፍተ ነገሮች

«አንድ ገጽ ከግማሽ ነው የጻፍኩት! አንድ ገጽ ከግማሹን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት!»

«አራት ነው» አሉ ጋሽ ወንድሙ፣ አልዘጋ ካላቸው የፒካፕ መስኮት ጋር እየታገሉ። «ሦስተኛውን ሲሰሙ ሳቁ፤ ስለዚህ አንድ መረቅኩላቸው።»

«‹አረንጓዴው ወርቃችን› የሚለውስ የት ገባ?»

«ወርቅ ብዬ ልናገር? አንተ ልጅ፣ እዚያ መንደር ወርቅ የሚባል ቃል ከተሰማ ሰው ሁሉ መሬቱን ሊለኩበት የመጡ ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ ስለ ቡና ብታወራለት ማን ይሰማሃል?»

«እሺ፣ ‹የተስፋ አድማስ›ስ?»

«አድማሱ ያ ከፊታቸው ያለው ጋራ ነው። ዛሬ ጠዋት ወጥተው ወርደውታል። ጉልበታቸውን እያመማቸው ሌላ አድማስ አልጨምርባቸውም።»

ሾፌሩ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሦስት ቀን ሙሉ የለፋሁበት ጽሑፍ ነበር።

«ጽሑፌን ገደሉት» አልኩ።

«ሲደርሰኝም ትንፋሽ አልነበረውም።»

«ለማንኛውም ተስማምተዋል» አልኩ፣ ቢያንስ በዚህ ላሸንፋቸው ብዬ። «ሁሉም ‹እሺ› ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ወንድሙ መስኮቱን ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ። «‹እሺ› ያሉት እንድንሄድላቸው ነው። ገበያ ወጥተህ አታውቅም? ሊገዛ ያሰበ ሰው ይከራከራል። የማይገዛው ነው ‹ጥሩ ዕቃ ነው› ብሎ የሚያልፈው። ዛሬ አንድ ሰው ተከራከረን?»

የተከራከረን ሰው አልነበረም።

ነገሩ ይህ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች የቡና ዩኒየን ነበር። ዩኒየኑ ከሸዋ ቤንች በላይ ባለች አንዲት መንደር የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለው። ባለፈው ዓመት የመንደሩ ሰው ቀዩንም አረንጓዴውንም ባንድ ላይ ሸምጥጦ እያመጣ የቡናው ደረጃ ወረደ። ቦርዱም፣ ቀይ እሸት ብቻ ለማምጣት በፊርማቸው ካልተስማሙ ጣቢያው ዘንድሮ አይከፈትም ብሎ ወሰነ። ካልተከፈተ ደግሞ መንደርተኛው እሸቱን በጀርባው ተሸክሞ ወንዝ ማዶ ወዳለው ጣቢያ ሊሻገር ነው፤ እዚያ ጣቢያ ቡና በመልቀም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሴቶችም ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው። ለማስማማት የተላክነው ሦስት ነበርን። ሥራ አስኪያጁ አቶ መስፍን ንግግሩን ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ጋሽ ወንድሙ ወደ ቤንችኛ ይተረጉማሉ። አቶ መስፍን ያን ዕለት በሌላ መኪና ቀድመውን ወርደው ስለነበር ነው እንደዚያ አፍ አውጥተን የተጨቃጨቅነው።

በሳምንቱ የስምምነቱ ወረቀት ወደ መንደሩ ተላከ። እንደሄደ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። አንድም ሰው አልፈረመም።

ጋሽ ወንድሙ ባለፈው ክረምት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሰባት ሰው በሦስት ቋንቋ ተናገረ፤ አንዱም ከሌላው አላጠረም። ዝናቡ ሊወርድ ደመናው ጋራውን ውጦታል፣ አምስተኛው ተናጋሪ ግን ገና ሟች የተወለዱበትን ዘመን እየተረከ ነው። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ወንድሙ አንድ ጊዜ ተነስቶ ባሳጠረልን» ስትል ሰማሁ። ሳቅ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ እስከ ፊት ሄደ። ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ ስል እሱም ይስቃል። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ቀብር አይቼ አላውቅም።

በወረቀት የዩኒየኑ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። የተርጓሚነት ደብዳቤ ማንም ጽፎላቸው አያውቅም። በወጣትነታቸው በሚዛን፣ በቴፒና በማሻ መካከል በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። ቤንችኛ የእናታቸው ነው። ሸኮኛውን፣ የከፋዎቹን ካፊኖኖ ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው «ጎማ በፈነዳብን ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ቋንቋ ለቃቀምኩ» አሉኝ። «ጭቃ ላይ ቆመህ ሰው ግፋልኝ ስትል ሰዋስው አያስፈልግህም። ማን ጉልበት እንዳለው፣ ማን ደግሞ ልብ እንዳለው ማወቅ ነው የሚያስፈልግህ።»

እኔ ያኔ ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁ፣ ግጥም መጻፍ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ የተማርኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። ዩኒየኑ በኮንትራት ቀጠረኝና ጠረጴዛ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የምጽፈውን ሁሉ ጋሽ ወንድሙ ሜዳ ላይ ያፈርሱታል። መጀመሪያ ጠላኋቸው። ቆይቶ ግን፣ ስብሰባ በወጡ ቁጥር ምክንያት እየፈለግኩ መከተል ጀመርኩ።

ስብሰባው በሦስት ሰዓት ከሆነ እሳቸው በሁለት ሰዓት ይደርሳሉ። ለእንግዳ ከተደረደረው ወንበር ላይ አይቀመጡም። ከኋላ ሣሩ ላይ ከሕዝቡ ጋር ቁጭ ይሉና እግር ያያሉ፤ ሌላ ምንም አያዩም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ የነካው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ደክሞታል፣ ርቦታል። የላስቲክ ጫማው የጸዳው የቅርብ ሰው ነው፤ እሱ ገና ሳይነጋ ወሬውን ሰምቶ ሐሳቡን ጨርሷል። ከዚያ በቀስታ ወሬ ይጀምራሉ። «ምን ትተሽ መጣሽ?» ይሏታል አጠገባቸው ያለችውን። አንዷ የሚያተኩሰው ልጅ ትታለች። አንዱ ቡናውን ማድረቂያው አልጋ ላይ አስጥቶ መጥቷል፤ ዓይኑ ከደመናው አይነቀልም።

«ደመናው ከእኔ በፊት መናገር ጀምሯል» ይላሉ ተመልሰው ሲመጡ። «ስለዚህ አጭር ነኝ።»

ሞንታርቦውን ከመኪና አያስወርዱም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «በዚህ ዕቃ እዚህ የደረሰ ወሬ ወይ ግብር ነው ወይ ወረርሽኝ ነው። ገና ሲንኮሻኮሽ ሰው ሆዱን ይይዛል።»

እኔ በደብተሬ የጻፍኳቸው ሦስት ጥያቄዎች ነበሯቸው። ምን ትተው መጡ? ምን ይፈራሉ? ከመሳቃቸው በፊት ማንን ያያሉ? ሦስተኛውን ለመረዳት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለካ በየስብሰባው ሰው ከመሳቁ በፊት አንድ ጊዜ ገልመጥ ብሎ የሚያየው ሰው አለ። ሊቀመንበሩ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ጥግ ላይ ሽሮ ቀለም ነጠላ የለበሱ አሮጊት ናቸው። ጋሽ ወንድሙ ያንን ሰው ካገኙ በኋላ የሚናገሩት ለዚያ ሰው ብቻ ነው። ሌላው በራሱ ይከተላል።

አንድ ጊዜ አንድ መልእክት ይዘን ሁለት ቦታ ሄድን። መልእክቱ፣ የባለቤቱ ምልክት የሌለበት ጆንያ መጋዘን አይገባም የሚል ነው። ቴፒ ላይ የሰበሰብናቸው ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከጉራጌና ከስልጤ አገር መጥተው ከተማዋን ያሳደጉ፣ ሲቀመጡም ቁልፋቸውን በጣታቸው የሚያሽከረክሩ ሰዎች። ጋሽ ወንድሙ እንደቆሙ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ሱቁን ለልጅ ትታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ» አሉ። «ምልክት የሌለው ጆንያ ሲመለስ የመጫኛውን ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ምልክት አድርጉበት፤ አንዴ ትከፍላላችሁ። ጥያቄ ያለው?» አንድ ሽማግሌ ቀለሙን ማን እንደሚያቀርብ ጠየቁ፤ መልስ አገኙ፤ አለቀ። ሻይ ያዘዝኩት ሳይመጣልኝ አዳራሹ ባዶ ሆነ።

በማግስቱ የጫካ ቡናም ወደሚያመጡልን የሸኮ ንብ አናቢዎች ሄድን። ያው መልእክት ነው። እዚያ ግን ጋሽ ወንድሙ ስለ ጆንያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ግማሽ ቀን ሞላ። ስለ ጫካው፣ ስለ ዘንድሮ አበባ፣ ዛፍ ላይ ስለተሰቀለ ቀፎ አወሩ። በመጨረሻ አንዱን «የእሱን ቀፎ ከአንተ ቀፎ በምን ትለየዋለህ?» አሉት። ሰውየው ስለ ቀፎ ምልክቱ፣ አባቱም በዚያው ምልክት ይጠቀም እንደነበር፣ የሌላ ሰው ምልክት ያለበትን ቀፎ የሚከፍት እንዴት እንደሚያፍር አብራራ። ጋሽ ወንድሙ ሁሉንም ካደመጡ በኋላ «ቡናችሁ ግን ያለ ምልክት ነው የሚሄደው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ትናንትና ዛሬ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ» አልኳቸው ስንመለስ።

«ውሃው አንድ ነው። መጠጫው ነው የሚለያየው።»

ይህንን ሰምቼ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። ስላልገባኝም ነው ጋሽ ወንድሙን ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሲቆጡ ያየኋቸው።

ለቀማ ሊጀመር ሲል ሚዛን ላይ የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶችን እንዳነጋግር ብቻዬን ተላክሁ። መንገር ያለብኝ ሁለት ነገር ነው፦ ለቀማው ሰኞ ይጀመራል፤ መታወቂያ የሌለው ግን አይመዘገብም። እንደ ጋሽ ወንድሙ ቀድሜ ደረስኩ፤ ጫማቸውን አየሁ፤ ቀልዳቸውን ሰማሁ። ስናገር በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ጨዋታ ተናገርኩ። ፉጨቱ፣ ጭብጨባው! በሕይወቴ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። መታወቂያው ጋ ስደርስ ግን ፊታቸውን አየሁ። ግማሾቹ መታወቂያ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ጭብጨባው እንዳይቆምብኝ ዘለልኩት።

ሰኞ ጠዋት መታወቂያ የሌላቸው ከሩቅ በእግራቸው መጥተው ከዩኒየኑ በር ተመለሱ።

ጋሽ ወንድሙ ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ቆሙ። ድምፃቸውን አላነሱም። «ሰውን ያየኸው ልትነግረው ነው ልትሸሽግበት?»

«ጋሽ ወንድሙ፣ ደስታቸውን...»

«ደስታቸውን ሳይሆን ደስታህን ነው የጠበቅከው። ተነስ።»

በሩ ላይ ወስደው አቆሙኝ። እየመጣ ለሚመለሰው ለእያንዳንዱ ልጅ «አውቄ ነው ያልነገርኩህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ስል ዋልኩ። አንዱ ሰደበኝ። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወንድሙ የተቀቀለ በቆሎ አምጥተው ሰጡኝና አጠገቤ ቆመው አብረውኝ በሉ። ስለ ነገሩ ደግመው አላነሱብኝም። መራራውን መድኃኒት በምን ማንኪያ እንደምትሰጥ ምረጥ እንጂ፣ መድኃኒቱን አትድፋው የሚሉት አባባል እንደነበራቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ማንም ያልፈረመበት የጣቢያው ወረቀት ከዚያች መንደር የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። ቦርዱ አንድ የመጨረሻ ስብሰባ ፈቀደ፤ ቀኑም ረቡዕ ሆነ። አቶ መስፍን ጠርተው «ጠንከር ያለ ንግግር ጻፍ» አሉኝ። «ግንዛቤያቸው ዝቅተኛ ነው። ግንዛቤ መፍጠር አለብን።»

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወንድሙ «ደብተርህን እዚህ ተወውና ና» አሉኝ። መኪናው እስከሚገባበት ድረስ ሄድን፤ ከዚያ ጭቃውን እያቦካን በእግር ወጣን። የወሰዱኝ አስቴር ወደምትባል ሴት ነው። ሦስት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ማሳዋም ጣቢያው በር ላይ የሚሉት ዓይነት ቅርብ፣ ድምፅዋ ደግሞ ሞንታርቦ የማያስፈልገው ሴት ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሰው ከመሳቁ በፊት ያየው እሷን ነበር፤ እኔ አላስተዋልኩም፣ እሳቸው አስተውለዋል።

ምንም አልጠየቋትም። ቅርጫት ተቀብለው ቡና መልቀም ጀመሩ፤ እኔም ለቀምኩ። እኩለ ቀን ላይ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበችልን። ጎደሬውን እየላጡ፣ እግረ መንገዳቸውን እንደሚያወሩ ሁሉ «አረንጓዴውን ለምን ትለቅሚዋለሽ?» አሏት።

አስቴር በአማርኛ ነው የመለሰችው፣ እኔም እንድሰማ። አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም። «አንተም እንደነሱ ነህ? ቡና ሲበስል ቀይ እንደሚሆን እኔ የማላውቅ ነው የሚመስልህ? አምና ጣቢያው የሚከፈተው ማክሰኞ ብቻ ነበር፣ በገበያ ቀን። ሐሙስ የቀላውን ሐሙስ ብለቅም እስከ ማክሰኞ ጆንያ ውስጥ ይሸታል። ዛፉ ላይ ብተወው ጦጣ ይበላዋል። ስለዚህ ሰኞ ሁሉንም እሸመጥጥና ማክሰኞ ይዤ እሄድ ነበር። አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

የላጥኩትን ጎደሬ መልሼ አስቀመጥኩት። በዚያ አንድ ገጽ ከግማሽ ውስጥ፣ ቀይ ማለት የበሰለ ማለት እንደሆነ በሁለት አንቀጽ አስረድቻለሁ።

«አየህ» አሉኝ ጋሽ ወንድሙ ስንወርድ፣ «ያን ጽሑፍህን ለማን እንደጻፍከው አሁን ገባኝ። ለጦጣዎቹ ነው።» ትንሽ ሄደው ቆሙ። «ለነገሩ ለእነሱም አይሆንም። እነሱም ቀዩን መርጠው ነው የሚበሉት።»

ሳቄን ስጨርስ «ታዲያ ነገ ለገበሬው ምን እንበለው?» አልኩ።

«ነገ ሰሚው ገበሬው አይደለም። ሰሚው አቶ መስፍን ናቸው። ሰሚህን ካልለየህ ምንም ብትናገር ከግድግዳ ጋር ነህ። በል ንገረኝ፣ ለእሳቸው የምትጽፈው አንተ ነህ፤ ምን ይፈራሉ?»

«ከላይ የሚደወል ስልክ።»

«ምን ይወዳሉ?»

«አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚል ነገር።»

«ከመሳቃቸው በፊትስ ማንን ያያሉ?»

«እሳቸው አይስቁም» አልኩ።

የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ይዘው ጎተት ጎተት አደረጉ፤ ሲያስቡ እንደዚያ ናቸው። «እሱ ችግር ነው» አሉ።

ረቡዕ ዕለት ስብሰባው በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ቆርቆሮው ሲንጎደጎድ አስተማሪም ቢሆን አይሰማም። ሰው ዴስክ ላይ በሦስት በሦስት ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አቶ መስፍን መነጽራቸውን አድርገው የመክፈቻውን ንግግር አነበቡ። ቢሮው አጽድቆት ስለነበር ልለውጠው አልተፈቀደልኝም። ሲጨርሱ ጋሽ ወንድሙ በቤንችኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ቀና አለ።

«ምን አሏቸው?» አሉ አቶ መስፍን።

«ዛሬ ለመስማት እንደመጡ ነገርኳቸው።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም!»

«ንግግርዎ ላይ ‹አሳታፊ› የሚል ቃል አለ» አሉ ጋሽ ወንድሙ፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ሳይነበብ። «እሱ ወደ ቤንችኛ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

አቶ መስፍን ወረቀታቸውን ገለጡ። ቃሉ አለ። ሁለት ጊዜ አለ።

አስቴር ተነሳች። በቤንችኛ ተናገረች፤ ትናንት የነገረችንን ነው፣ ግን በእጥፍ እሳት። እጇን ወደ ጣቢያው፣ ወደ ጫካው፣ በመጨረሻም ወደ አቶ መስፍን ወረወረችው። ሰው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ስትጨርስ ጋሽ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እኔ ከእሳቸው አፍ ሰምቼው በማላውቀው የቢሮ አማርኛ ጀመሩ።

«የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ተናጋሪዋ ሦስት ነጥቦች አንስተዋል። አንደኛ፣ የጣቢያው የአገልግሎት ቀን ከእሸቱ አበሳሰል ጋር አልተጣጣመም። ሁለተኛ፣ እሸት በተለቀመበት ቀን ይፈልፈል የሚለውን የራሳችንን መመሪያ በሳምንት አንድ ቀን በመክፈት ተግባራዊ ማድረግ አልተቻለም። ሦስተኛ፣ ይህ ጉድለት የእኛ መሆኑ ቢታወቅ ከላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።»

አቶ መስፍን እስክሪብቶ አውጥተው ይጽፋሉ። በሥራ ዘመኔ እሳቸው ሌላ ሰው ሲናገር ሲጽፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራው አለቀ ብዬ ልተነፍስ ስል አስቴር እንደገና ተነሳች። አሁን በአማርኛ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ እኔ እንደዚህ አላልኩም። እኔ ‹ይሄ ሰውዬ እሱ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚበላው?› ነው ያልኩት። ለምን ደበቅህብኝ?»

የአቶ መስፍን እስክሪብቶ ቆመ። ጣቢያው እዚያው ተዘጋ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ወንድሙ ጆሯቸውን ጎተቱ። «ጥፋቴ ነው» አሉ፤ መጀመሪያ በቤንችኛ ለሕዝቡ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «ሁለት ሰሚ እያለኝ ለአንዱ ብቻ ተናገርኩ።» ከዚያ ወደ አቶ መስፍን ዞረው፣ ሳያለሰልሱ፣ ቃል በቃል «‹ይሄ ሰውዬ እሱ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚበላው?› ብላለች» አሉ።

አቶ መስፍን መነጽራቸውን አወለቁ። አስቴርን አዩ። የእሷን እጅ ሳያዩ አልቀሩም፤ ከእሸት ቡና የሚመጣው ጥቁረት እስከ አንጓዋ ደርሷል። ቀጥለው ወደ ሆዳቸው ወረድ ብለው ተመለከቱ።

«በቀን ሦስት ጊዜ» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጋሽ ወንድሙ አልተረጎሙትም። ሦስት ጣታቸውን ብቻ ወደ ላይ አነሱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስቴር ራሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዴስኩ ላይ ተደፋች። ጌታ ምስክሬ ነው፣ አቶ መስፍንም ሳቁ። ከመሳቃቸው በፊት እሷን አይተዋል።

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ» አሉ ሳቁ ሲበርድ። «ጣቢያው የሚከፈትበትን ቀን የምወስነው እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን እንከፍታለን። እናንተ ደግሞ ቀይ ብቻ።»

ጋሽ ወንድሙ ይህን አንድም ሳይቀንሱ፣ አንድም ሳይጨምሩ ተረጎሙት። ከዚያ ዝም አሉ። ሕዝቡም ዝም አለ።

«አሳምኗቸው እንጂ!» አሉ አቶ መስፍን በሹክሹክታ።

«እያሰቡ ነው» አሉ ጋሽ ወንድሙ። «ከሐሳባቸው መሃል ገብቼ ባወራ ለራሴ ነው።»

አስቴር ጎረቤቷን በክርን ነካ አደረገች። «በስንት ሰዓት?» አለች።

«በሁለት ሰዓት ይከፈታል።»

«ጦጣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚበላ። አንድ ሰዓት ይሁን።»

«ሠራተኛው ከሩቅ ነው የሚመጣው።»

«እኛስ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ አቶ መስፍን።

«አንድ ሰዓት!»

«ይሁን፣ አንድ ሰዓት!»

መጀመሪያ የፈረመችው እሷ ናት። ከኋላዋ ሰልፉ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ተጠመዘዘ። ወረቀቱ ሲሞላ ጀርባውን ገለበጥን።

አቶ መስፍን በደስታ ቀልተው ከቦርሳቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። «አሁን የመዝጊያ ንግግር አለን» አሉ። ሦስት ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደግሞም ልደብቅ አልችልም፣ እንዲነበብ ልቤ ቆሞ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት መስመር ግጥም አስገብቻለሁ። ጋሽ ወንድሙን በዓይኔ ለመንኳቸው።

እሳቸው እኔን አላዩኝም። ያዩት በመስኮቱ ነው። ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ ሁሉ ያንጸባርቃል። ሰዎቹ ግማሽ ጎናቸውን ከዴስኩ ላይ አንስተዋል። ጋሽ ወንድሙ በቤንችኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ባንዴ ዴስኩ ተንኳኳ፣ ቅርጫቱ ተነሳ፣ ሰው እየተሳሳቀ እየተገፋፋ ወጣ።

«ምን አሏቸው?» አሉ አቶ መስፍን፣ ወረቀቱን እንደያዙ።

«ሦስቱን ገጽ ተረጎምኩላቸው።»

«ምን ብለው?»

«‹ፀሐይ ወጥታለች፤ ሰኞ በአንድ ሰዓት እንገናኝ።›»

አቶ መስፍን ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ። ጋሽ ወንድሙ ከሕዝቡ ኋላ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«እናንተ ካልጠገባችሁ እርስ በርሳችሁ ተነባበቡ» አሉን። ወጡና የቆርቆሮውን በር ከኋላቸው ጓ አድርገው ዘጉት።